የተገባልን ቃል የት ተቀምጧል? የዲትሮይት ጡረተኞች ክርክርና የእኛ ጡረታ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ስለ ጡረታ እንድናገር ስጠየቅ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የከተማ፣ የካውንቲ ወይም የትምህርት ቤት ተቀጣሪዎች ናቸው። አውቶቡስ የምትነዱ አላችሁ። በትምህርት ቤት ምግብ የምታዘጋጁ፣ በሕዝብ ሆስፒታል ሕመምተኛ የምትንከባከቡ፣ በፓርኪንግ፣ በጽዳት፣ በቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ አላችሁ። እኔም የምሠራው በአንድ ከተማ አስተዳደር የደመወዝ ክፍል ውስጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በቼካችን ላይ «ሪታየርመንት» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑም የሚቆረጠው ብር ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። «መንግሥት ነው፤ ከተማ የት ይሄዳል?» እንላለን።

ዛሬ የምነግራችሁ «ከተማ የት ይሄዳል» ብለው አርባ ዓመት ስላገለገሉ ሰዎች ነው። ከተማቸው ዲትሮይት ነች፣ ሚሺገን ውስጥ። ከተማዋና ጡረተኞቿ ፍርድ ቤት የተካሰሱበት ጉዳይ በአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሁሉ ትምህርት አለው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቃልና ሣጥን

መጀመሪያ ጡረታ ምን እንደሆነ እንስማማ። ጡረታ ምጽዋት አይደለም፤ ስጦታም አይደለም። ዛሬ ሠርተንበት ነገ የሚከፈለን ደመወዝ ነው። የከተማ ሥራ ብዙ ጊዜ ከግል ድርጅት ያነሰ ደመወዝ አለው፤ ሰው ግን «ጡረታው ደህና ነው» ብሎ ይገባበታል። ስለዚህ ከተማው ለጡረተኛዋ ባለዕዳ ነው።

ይህ ዕዳ ሁለት ነገሮች አሉት። አንዱ ቃሉ ነው፤ በሕግና በውል የተጻፈው። ሁለተኛው ሣጥኑ ነው፤ ማለትም በየጊዜው መዋጮ የሚገባበትና ገንዘቡ በሥራ ላይ ውሎ የሚያድግበት የጡረታ ፈንድ። አገር ቤት ዛሬ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 ከመቶ ይጨምራል። እዚህም መጠኑ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ዕድራችንን አስቡ። የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ «አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ይህን ያህል ይከፈላል፤ ድንኳን ይተከላል» ይላል። ደንቡ ቃል ነው። ወርሃዊ መዋጮው ለዓመታት በትክክል ካልተሰበሰበ ግን ሐዘን የደረሰ ቀን ደንቡን ገልጦ ማንበብ ድንኳን አያስተክልም። በሌላ በኩል ሣጥኑ ሙሉ ሆኖ ደንቡ ግልጽ ካልሆነ ገንዘቡ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የዲትሮይት ሰዎች ያገኙት ትምህርት ይህ ነው፤ ቃሉ በሕገ መንግሥት ጭምር ተጽፎላቸው ነበር፤ ሣጥኑ ግን ጎድሎ ተገኘ።

ከተማዋ እንዴት ከዚያ ደረሰች?

በ1950 ዲትሮይት ውስጥ 1.85 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖር ነበር። የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ2010 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቡ ቁጥር ወደ 714 ሺህ ወርዶ ተገኘ። ፋብሪካ ተዘጋ፤ አቅም ያለው ወደ ዳርቻ ከተሞች ወጣ፤ ግብር ከፋዩም አብሮ ወጣ። ጡረተኛው ግን በመዝገቡ ላይ አለ። በመጨረሻ የከተማዋ ጡረተኞች በሥራ ላይ ካሉት ሠራተኞች በቁጥር ሁለት እጥፍ ያህል ሆኑ።

ሁለት የጡረታ ፈንዶች ነበሩ። አንዱ የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው። ሌላው የቀሩት ሁሉ ነው፤ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ የአውቶቡስ ነጂዎች፣ የውሃ ክፍልና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች። የእነዚህኞቹ አማካይ ጡረታ በዓመት 19 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። «የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ ይንደላቀቃል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ቢያውቁት መልካም ነው። ፖሊሶቹና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ደግሞ በከተማው ሥራቸው የሶሻል ሴኩሪቲ ሽፋን አልነበራቸውም፤ ለብዙዎቹ ጡረታው ብቸኛው ገቢ ነበር።

ሣጥኑ የጎደለው በአንድ ቀን አይደለም። የፈንዶቹ ሒሳብ ገንዘቡ በዓመት 8 ከመቶ ገደማ ያተርፋል በሚል ግምት ላይ ቆሞ ነበር። ትርፉ ጥሩ በሆነባቸው ዓመታት የጠቅላላው ሠራተኞች ፈንድ የተረፈውን ለክፉ ቀን በማስቀመጥ ፈንታ «አሥራ ሦስተኛ ቼክ» እየተባለ ከአሥራ ሁለቱ ወር በላይ ክፍያ ይሰጥበት ነበር። ሠራተኞች በፈቃዳቸው ባጠራቀሙት ተጨማሪ ቁጠባ ላይም ገበያው በወደቀባቸው ዓመታት ሳይቀር ከፍ ያለ ወለድ ይታሰብ ነበር። በ2005 ከተማዋ የፈንዶቹን ጉድለት ለመሙላት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተበደረች፤ ብድሩ ከወለድ ውርርድ ጋር የታሰረ ነበር። በ2008 ገበያው ሲወድቅ ውርርዱ በከተማዋ ላይ ዞረ። አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መክፈል እንዲህ ነው።

ወደ ፍርድ ቤት የተደረገ ሩጫ

በማርች 2013 የሚሺገን አገረ ገዥ ሪክ ስናይደር ኬቨን ኦር የተባሉ ጠበቃ የከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ሆነው እንዲሾሙ አደረጉ። ሕዝቡ የመረጣቸው ከንቲባና ምክር ቤት ዋና ዋና ሥልጣናቸው ተወሰደ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የከተማዋን ዕዳ 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርገው አቀረቡት። የጡረታው ጉድለት ብቻ 3.5 ቢሊዮን ነው አሉ። የፈንዶቹ የራሳቸው ሒሳብ ግን ጉድለቱን ከዚህ በብዙ አሳንሶ ነበር የሚያሳየው። ልዩነቱ የመጣው በአመዛኙ ከግምት ነው፤ ገንዘቡ ወደፊት ምን ያህል ያተርፋል በሚለው ላይ ስላልተስማሙ ነው። እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉ። አንዲት የግምት ቁጥር ስትነካ የጉድለቱ መጠን በቢሊዮን ይለዋወጣል።

ጡረተኞቹና ፈንዶቹ ፈጥነው ወደ ሚሺገን ፍርድ ቤት ሄዱ። በእጃቸው የያዙት ጠንካራ ነገር ነበር። በ1963 የጸደቀው የሚሺገን ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 9 ክፍል 24፣ የመንግሥት ሠራተኞች ያፈሩት የጡረታ ጥቅም የውል ግዴታ ነው፤ ሊቀነስም ሊጎዳም አይችልም ይላል። «ከተማዋ ኪሳራ ብታውጅ ይህን ትጥሳለች፤ ስለዚህ አስቁሙልን» ብለው አመለከቱ። ጁላይ 18፣ 2013 ጉዳያቸው በክልሉ ፍርድ ቤት ሊታይ ደቂቃዎች ሲቀሩት ከተማዋ በፌደራሉ ፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻዋን አስገባች። በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የከተማ ኪሳራ ይህ ነው። በማግስቱ የክልሉ ዳኛ ሮዝመሪ አኩሊና ማመልከቻው የሚሺገንን ሕገ መንግሥት ይጥሳል፤ ይነሣ ብለው ወሰኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የፌደራሉ የኪሳራ ዳኛ ስቲቨን ሮድስ በክልል ፍርድ ቤት ያሉ ክሶች ሁሉ እንዲቆሙ አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ በእሳቸው እጅ ሆነ።

ዳኛው ተራ ጡረተኞችን አድምጠዋል። በሴፕቴምበር 2013 ጠበቃ የሌላቸው ሰዎች ራሳቸው ቆመው እንዲናገሩ አንድ ቀን ተሰጣቸው። ፍርድ ቤቱ በበኩሉ ጡረተኞችን የሚወክል ኮሚቴ እንዲቋቋም አድርጓል፤ የኮሚቴውን ጠበቆች የከፈለችው ከተማዋ ናት። ከዚህም በፊት ጡረታ የወጡ የከተማ ሠራተኞች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞችም እንዲሁ። እነዚህ ማኅበራት የአባል ስምና አድራሻ፣ ጠበቃ የሚቀጠርበት መዋጮ፣ በስማቸው የሚናገር ሰው ቀደም ብለው ስለነበራቸው ድርድሩ ሲጀመር ወንበር አገኙ።

የዲሴምበሩ ውሳኔ

ዲሴምበር 3፣ 2013 ዳኛ ሮድስ ወሰኑ። ከተማዋ በኪሳራ ሕግ ልትስተናገድ ትችላለች፤ ጡረታውም ሊቀነስ ይችላል አሉ። ምክንያታቸውን በቀላሉ ላስረዳ። የሚሺገን ሕገ መንግሥት ጡረታን «ውል ነው» ይላል። የኪሳራ ሕግ ሥራው ደግሞ ውልን መቀየር ነው። ኪሳራ የፌደራል ሕግ ስለሆነ ከክልል ሕግ በላይ ነው። ስለዚህ ጡረተኛዋ ሕጉ ፊት ስትቀርብ እንደ ቦንድ ገዢውና እንደ ባንኩ አንዷ ባለገንዘብ ናት ማለት ነው። ዳኛው ከተማዋ ከኪሳራው በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር በቅን ልቦና አልተደራደረችም ብለዋል፤ ነገር ግን ባለገንዘቦቹ ከብዛታቸው የተነሣ ድርድሩ የሚቻል አልነበረም በማለት አለፉት። ጡረታን የሚቀንስ ዕቅድ ቢመጣም በቀላሉ እንደማያጸድቁት አስጠነቀቁ።

ጡረተኞቹን ያስደነገጠው ይህ ነው። ለሃምሳ ዓመት «ሊነካ አይችልም» የተባለው ቃል ሊነካ ቻለ። ቃሉ ምንም አልጠቀመም ማለት ግን አይደለም። በኋላ በድርድሩ ላይ ጡረተኛው ከብዙ ባለገንዘብ የተሻለ የደረሰው ከፊሉ በዚህ ቃል ክብደት ነው። ብቻውን ግን አልበቃም።

ሥዕሎቹና ጡረተኞቹ

ከተማዋ አንድ ትልቅ ሀብት ነበራት፤ የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ሙዚየም። የቫን ጎግና የብሩጌል ሥዕሎች አሉት። ሥዕሎቹ የከተማዋ ንብረት ስለሆኑ ባለገንዘቦቹ «ይሸጡና እንከፈል» አሉ። ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ከተማዋ በገንዘቧ የገዛቻቸውን ብቻ ከ454 እስከ 867 ሚሊዮን ዶላር ገመታቸው። እንግዲህ ሥዕል ይሸጥ ወይስ ጡረታ ይቆረጥ የሚል ክፉ ምርጫ መጣ።

አስታራቂ ሆነው የተሾሙት የፌደራል ዳኛ ጄራልድ ሮዝን ነበሩ። ትልልቅ በጎ አድራጎት ፋውንዴሽኖችን ጠርተው አነጋገሩ። ፎርድ፣ ክሬስጊ፣ ናይትና ሌሎችም 366 ሚሊዮን ዶላር በሃያ ዓመት ለመስጠት ቃል ገቡ። ሙዚየሙ 100 ሚሊዮን ከደጋፊዎቹ ለማሰባሰብ ተስማማ። የሚሺገን መንግሥት በአንድ ጊዜ 195 ሚሊዮን ገደማ ሰጠ። ገንዘቡ በቀጥታ ለጡረታ ፈንዶቹ እንዲገባ፣ ሥዕሎቹም ከከተማዋ ወጥተው ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ባለቤትነት እንዲጠበቁ ሆነ። ሰዎች ይህን «ታላቁ ስምምነት» አሉት።

ስምምነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ጡረተኞቹ ድምፅ ሰጥተው መቀበልና በሚሺገን መንግሥት ላይ ያላቸውን ክስ መተው ነበረባቸው። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ መጣ። የጠቅላላ ሠራተኞች ጡረተኛ «እሺ» ቢል ወርሃዊ ክፍያው በ4.5 ከመቶ ይቀንሳል፤ ዓመታዊው የኑሮ ውድነት ጭማሪም ይቀራል። «እምቢ» ቢል እስከ 27 ከመቶ ሊቀነስበት ይችላል። የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዋናው ክፍያ አይነካም፤ ጭማሪያቸው ግን ከግማሽ በታች ይሆናል። በጁላይ 2014 ውጤቱ ሲታወቅ ከጠቅላላ ሠራተኞች 73 ከመቶ፣ ከፖሊሶችና ከእሳት አደጋ 82 ከመቶ ተቀብለውት ነበር። ኖቬምበር 7፣ 2014 ዳኛው ዕቅዱን አጸደቁ፤ በዲሴምበር ከተማዋ ከኪሳራ ወጣች።

ቁጥሩን በኪሳችን እንቁጠረው

በወር 1,600 ዶላር የምታገኝ አንዲት ጡረተኛ እናስብ። 4.5 ከመቶ ማለት 72 ዶላር ነው። ያሳዝናል እንጂ ቤት አይፈታም። 27 ከመቶ ግን 432 ዶላር ነው፤ የቤት ኪራይ ወይም የመድኃኒት ገንዘብ ነው። ሰዎች ለምን «እሺ» እንዳሉ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

በጋዜጣ ርዕስ ላይ የማይወጣው ግን ሌላው ነው። የቀረው ዓመታዊ ጭማሪ ከመነሻው ክፍያ 2.25 ከመቶ ነበር። ለዚች ሴት በየዓመቱ በወር 36 ዶላር ማለት ነው። በአሥረኛው ዓመት ላይ በወር 360 ዶላር ይደርስ ነበር። ከተቆረጠባት 72 ዶላር ይልቅ ሳይጨመርላት የቀረው አምስት እጥፍ ነው። የተወሰደውን ሁሉም ያየዋል፤ ሳይመጣ የቀረውን ግን ገበያ ወጥታ ዋጋ የምትጠይቀው እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

ሦስተኛም አለ። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የፈቃድ ቁጠባ ላይ «ወለዱ በዝቶ ተከፍሏል» ተብሎ መልሱ ተባለ። ይህ የደረሰባቸው እስከ 15.5 ከመቶ ተጨማሪ ከወርሃዊ ክፍያቸው እንዲቆረጥ ተደረገ። ከ4.5ቱ ጋር ሲደመር 20 ከመቶ ነው፤ ለዚችው ሴት 320 ዶላር። የጡረተኞች የሕክምና ጥቅም ደግሞ በሚሺገን ሕገ መንግሥት እንደ ጡረታው ስላልተጠበቀ ወደ 90 ከመቶ የሚጠጋው ሄደ። ሜዲኬር የሚያገኙበት 65 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች የራሳቸውን ኢንሹራንስ ፍለጋ ወጡ። ጡረታና የጡረታ ሕክምና ሁለት የተለያዩ ቃሎች መሆናቸውን ብዙ ሰው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ውሳኔውን ያልተቀበሉ ጡረተኞች ይግባኝ አሉ። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱ ሥራ ላይ ስለዋለና ብዙ ነገር ስለቆመበት አሁን ማፍረስ አይቻልም ብሎ ሁለት ለአንድ ዘጋው። ክርክሩ በዚህም አላበቃም። ከተማዋ ለፈንዶቹ የምትከፍለውን መዋጮ በአብዛኛው ለዓመታት እንድታቆይ ተፈቅዶላት ነበር። የመክፈያው ጊዜ ሲቃረብ የፖሊሶችና የእሳት አደጋው ፈንድ ቦርድ «ጉድለቱን በ20 ዓመት ክፈሉ» አለ፤ ከተማዋ «በ30 ዓመት ነው» አለች። እንደገና የኪሳራው ፍርድ ቤት ገቡ፤ በ2023 ዳኛው 30 ዓመቱን ደገፉ። ጊዜው ሲረዝም የከተማዋ በጀት ይቀልላታል፤ ሣጥኑ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። የተከፈተ የጡረታ ክርክር በአንድ ትውልድ አይዘጋም።

ሌሎች ከተሞችስ?

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። የኢሊኖይ ሕገ መንግሥትም ጡረታን እንደ ውል ይጠብቃል። ቺካጎ የሠራተኞቿን ጡረታ ለመቀነስ የወጣውን ሕግ ይዛ ስትከራከር የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2016 ሕጉን ሻረው። ልዩነቱ ቺካጎ በኪሳራ ፍርድ ቤት ውስጥ አልነበረችም፤ ስለዚህ የክልሉ ሕገ መንግሥት የመጨረሻው ቃል ሆነ። ዕዳው ግን በዚያው በቺካጎ ግብር ከፋይ ላይ አለ።

በሮድ አይላንድ ሴንትራል ፎልስ የምትባል ትንሽ ከተማ በ2011 ከስራ የአንዳንድ ጡረተኞችን ክፍያ እስከ 55 ከመቶ ቆርጣለች። አላባማ ውስጥ ፕሪቻርድ የምትባለው ደግሞ በ2009 የጡረታ ፈንዷ ባዶ ሆኖ ቼክ መላክ አቆመች። ወደ 150 የሚጠጉ ጡረተኞች ያለምንም ክፍያ ቀሩ። እነዚህኞቹን የሚታደግ ሙዚየም አልነበረም። የግል ድርጅት ጡረታ ቢሆን ኖሮ በ1974 ሕግ የተቋቋመው የፌደራል የጡረታ መድን ይደርስላቸው ነበር። የከተማና የክልል ጡረታ ግን በዚያ መድን ውስጥ የለም። ይህን ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ያዙት።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል

እዚህ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን የዲትሮይትን ስምምነት ስትሰሙ ደስ ሊላችሁ ይችላል፤ ይገባችኋልም። ሰጪ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አረጋውያኑ የበለጠ በተጎዱ ነበር። ሆኖም እንደ አንድ አባል በግልጽ ልናገር። ለአርባ ዓመት ሥራ የሚገባ ደመወዝ በመጨረሻ በበጎ አድራጊ ቸርነት ላይ ሲንጠለጠል፣ መብት የነበረው ወደ እርዳታ ተቀየረ ማለት ነው። ሴንትራል ፎልስና ፕሪቻርድ እንደሚያሳዩት ቸርነት የሚደርሰው ታዋቂ ወደሆነው ቦታ ነው። ስለዚህ የእናንተ ድጋፍ ችግር ከመጣ በኋላ ከሚደርሰው ይልቅ ከመምጣቱ በፊት ሲደርስ ይበልጣል። አንዲት አባል ውሏን እንድታነብ የሚረዳ የቋንቋ ትምህርት፣ ከጡረታ ቢሮ ጋር ስትነጋገር አብሯት የምትቀመጥ አስተርጓሚ፣ አንድ ቀን የሕግ ባለሙያ የምናመጣበት ወጪ በመቶ ሚሊዮን አይቆጠርም። የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይላሉ አባቶች። አያያዛችንን እናስተካክል።

አንደኛ፣ በሥራችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥ እንደሆነ ቼካችሁን ተመልከቱ። በአንዳንድ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ሥራ አይቆረጥም። ካልተቆረጠ ጡረታው ብቸኛ ምሰሶ ነው። ቀድሞ የመንግሥት ጡረታ ያለው ሰው በሌላ ሥራ ያፈራው ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀነስበት ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 የወጣ ሕግ ይህን ሽሮታል። የተቀነሰባችሁ ካላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ጡረታው የእናንተ የሚሆነው ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንደሆነ እወቁ። ልጅ ወልደው ወይም ወላጅ ለመጠየቅ አገር ቤት ሄደው ሥራ የሚለቁ እህቶች ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ሲወጡ በሥራዬ አይቻለሁ። ያዋጣችሁትን አውጥታችሁ ብትወስዱ አገልግሎታችሁ ሊሰረዝ እንደሚችልም ጠይቃችሁ ነው መፈረም ያለባችሁ።

ሦስተኛ፣ ስም። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በአሥር ዓይነት ይጻፋል። በፓስፖርት አንድ፣ በደመወዝ መዝገብ ሌላ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ሦስተኛ ይሆናል። ባለትዳር ሴት የባሏን ስም አትወስድም፤ ባል ሲሞት «ሚስቱ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» ትባላለች። የተተረጎመና የተረጋገጠ የጋብቻ ወረቀት ዛሬ አዘጋጁ። ባልሽ የከተማ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ከሞቱ በኋላ ለአንቺ የሚቀጥለውን የክፍያ ዓይነት መምረጡን ጡረታ ከመውጣቱ በፊት አብራችሁ እዩ።

አራተኛ፣ ሣጥኑን ተመልከቱ። የመንግሥት የጡረታ ፈንዶች በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣሉ። በውስጡ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ከተገባው ቃል ስንት ከመቶው በገንዘብ ተሸፍኗል? ገንዘቡ በዓመት ስንት ያተርፋል ተብሎ ተገምቷል? ከዚያ ከተማው የሚጠበቅበትን መዋጮ ሙሉውን ከፍሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሕክምና ጥቅማችሁ በየትኛው ሕግ እንደተጠበቀም አብራችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ቦታችሁን ያዙ። በብዙ ፈንድ ቦርድ ውስጥ በሠራተኞችና በጡረተኞች የሚመረጡ አባላት አሉ። ምርጫው ሲመጣ ወረቀቱን ከማስታወቂያ ጋር አትጣሉት። ስብሰባቸው በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ብንሄድ፣ አንዷ ብትሰማ፣ አንዷ ብትጽፍ፣ ለማኅበሩ ብታስረዳ፣ ማንም የማይሰጠን እውቀት እናገኛለን። የዲትሮይት ጡረተኞች ሁሉን አላገኙም። ያዳኑትን ያህል ያዳኑት ግን ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ተሰባስበው ስለነበር ነው።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ከፈቀደ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በወር አንድ ቅዳሜ የጡረታ ወረቀት የምናነብበት ሰዓት እንዲኖር ሐሳብ አቀርባለሁ። ቼካችሁን፣ የመጨረሻውን የጡረታ መግለጫችሁንና የጋብቻ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ቡናው በእኔ ነው።